እንቁላል ብዬ የጻፍኩበት ሳጥን

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የምይዘው ለመፈረም ብቻ ነው። ደብዳቤ እንኳ አልጻፍኩም፤ የምጽፍለት ሰው አልነበረኝም፣ ቢኖረኝም አፍር ነበር። ግን ጭራሽ አልጻፍኩም ብል ውሸት ይሆንብኛል። አንድ ጊዜ አንድ ቃል ጽፌያለሁ። በወፍራም ጥቁር ማርከር፣ በካርቶን ላይ፣ በሁለት ጎን። ያ አንድ ቃል ሰው ሊያስበላ ትንሽ ቀርቶት ነበርና ከዚያ በኋላ መጻፍ ራሱ ያስፈራኝ ጀመር። አሁንም ይህን ስጽፍ በሩን ዘግቼ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ካርቶን ሳሽግ ፕላስተሩን ሳብ አደረግኩት፤ ያ ጥርር የሚል ድምፅ ወጣ። በቀን አምስት ጊዜ የምሰማው ድምፅ ነው። የዚያን ቀን ግን የጎረቤታችን የእትዬ ዘነቡ ልጅ ባዶ የእንቁላል ትሪ ተሸክማ በዚያው ቅጽበት ገባች። ድምፁና የትሪው ሽታ አንድ ላይ ደረሱብኝ። የእንቁላል ትሪ ሽታ አለው፤ እርጥበት የገባው ወረቀት፣ ትንሽ ጭድ፣ ትንሽ የዶሮ ኩስ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ልጅቷ «ምን ሆንሽ?» ብትለኝ «ምንም» አልኳት። ዕድሜዬ ገና ሠላሳ አልሞላም፤ ያንን ዘመን ሳስብ ግን ያረጀሁ ይመስለኛል።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የምሠራው ኦቦ መገርሳ ጋ ነበር። ሱቃቸው አምቦ ከተማ፣ ከሁሉቃ ድልድይ ወደ ገበያው ስንወጣ በስተቀኝ፣ ከእትዬ ዘነቡ የእንቁላልና የዶሮ መሸጫ ጋር ግድግዳ የምትጋራ ጠባብ ቤት ናት። ኦቦ መገርሳ ድሮ በሆስፒታል ውስጥ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግኑ ነበር፤ ልባቸው ግን የሕክምና ማሽን ላይ ነው። የተጣለ ማሽን ካገኙ ይገዙና ወራት ፈጅተው ነፍስ ይዘሩበታል። እኔ የተቀጠርኩት ልጠርግና ሻይ ላመጣ ነበር። ዝምተኛ ስለሆንኩ ወደዱኝ መሰለኝ፤ ቀስ በቀስ ብሎን መለየት፣ ሽቦ መላጥ፣ በመጨረሻም ዕቃ ማሸግ አስተማሩኝ። ያኔ እንቁላል ሦስት ብር ነበር፤ ዛሬ ዋጋውን ስሰማ ዶሮዋን የገዛሁ ይመስለኛል። ባጃጅ ከገበያ እስከ ዩኒቨርሲቲው በር ሁለት ብር ነበር። የጨርቅ ሻርፕ ሃምሳ ብር፤ እኔም በመጀመሪያ ደሞዜ አንድ ሰማያዊ ሻርፕ ገዝቼ ነበር፣ ጫፉ ላይ ነጭ ዘርፍ ያለው። ስለ ሻርፑ በኋላ እነግራችኋለሁ።

መንገዱ አንድ ቀን የሚከፈትበት፣ አንድ ቀን የሚዘጋበት ዘመን ነበር። ጠዋት ተነስቶ መጀመሪያ የሚጠየቀው «መኪና አለ?» ነው። ስልክ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። በየቅጥቅጡ አውቶብስ ውስጥ የሚሰማ አንድ የኦሮምኛ የፍቅር ዘፈን ነበር፤ ተሳፋሪው ሁሉ አብሮ ያንጎራጉረዋል። ኬላ ሲቃረብ ሹፌሩ ሙዚቃውን ይቀንሰዋል። ዘፈኑ ስለ ፍቅር ቢሆንም ይቀንሰዋል። ሲቀንስ ተሳፋሪውም ዝም ይላል፤ ሕፃናት እንኳ ዝም የሚሉ ይመስለኝ ነበር። ዛሬም የመኪና ሙዚቃ ድንገት ዝቅ ሲል ዓይኔ ኬላ ይፈልጋል።

ኦቦ መገርሳ በዚያ ዓመት የጠገኑት ትልቁ ዕቃ አንድ አልትራሳውንድ ነበር፤ በእጅ የምትያዝ፣ ትንሽ ሻንጣ የምታህል፣ ስክሪን ያላት። በወፍራም ገመድ የተያያዘች፣ ሆድ ላይ የምትደረግ ክፍል አለቻት፤ ኦቦ መገርሳ «ጆሮዋ» ይሏታል። «ማሽኗ የምታየው በዚህች ጆሮ ሰምታ ነው» ይሉኝ ነበር። «አንድ ጊዜ ከወደቀች ደንቁራ ቀረች ማለት ነው። በዶላር ነው የምትተካው፤ ዶላር ደግሞ የለንም።» ሲሠሩ ማታ ማታ ጄል ቀብተው በራሳቸው መዳፍ ላይ ያደርጓትና አጥንታቸው ስክሪኑ ላይ ሲንቀሳቀስ እንደ ልጅ ይስቁ ነበር። የገዛቻት ሲስተር የሺ የምትባል አዋላጅ ናት፤ እጃጂ ላይ ትንሽ ክሊኒክ ልትከፍት። «እናቶችን ልጃቸው ተገልብጦ እንደሆነ ሳላውቅ እያዋለድኩ ፈራሁ» ብላ ነው የገዛችው። ያ ቃሏ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ሌላም ሰው እንደኔ ይፈራል ማለት ነው ብዬ።

ዕቃው የሚላክበት ሳምንት ኦቦ መገርሳን ወገባቸው ያዛቸው። ከአልጋ መነሳት አቃታቸው። ቤታቸው ሄጄ ስጠይቃቸው ትራሱ ላይ ሆነው አስተሻሸጉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሩኝ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም። «ዕቃ የሚሰበረው ሳጥኑ ስለወደቀ አይደለም። ሳጥኑ ውስጥ መንቀሳቀሻ ስላገኘ ነው። ከየግድግዳው አራት ጣት ይራቅ። ባትሪውን አውጪ፣ ለብቻው ጠቅልዪ። ጆሮዋን ለብቻዋ። ገመዱን እንዳታጥፊው፣ እንደ እባብ ክብ አድርገሽ አስተኚው። ጭድ እንዳታስገቢ፣ ጭድ አቧራ ነው። ሩዝ በጨርቅ ቋጥረሽ አስገቢ፣ እርጥበት ይጠጣል። ስትጨርሺ ነቅንቂው። ሳጥኑ ካወራ፣ አልታሸገም።»

«እሺ።»

«ላዩ ላይ 'የሕክምና መሣሪያ፣ ይህ ጎን ወደ ላይ' ብለሽ ጻፊ። ፊደልሽ ጥሩ ነው።»

«እሺ» አልኳቸው።

ቀኑን ሙሉ አሸግኩት። ከፍራሽ ቤት የስፖንጅ ቁርጥራጭ ለመንኩ። እትዬ ዘነቡ ትልቅ ካርቶንና ባዶ የእንቁላል ትሪዎች ሰጠችኝ። ትሪዎቹን ከታችም ከጎንም ደረደርኳቸው፤ እንደ ምንጣፍ ሆኑ። ስክሪኑን በአሮጌ ብርድ ልብስ፣ የጄሉን ብልቃጥ በስፖንጅ። ለጆሮዋ የሚሆን ለስላሳ ጨርቅ ባጣ ሻርፔን ከአንገቴ አውጥቼ ጠቀለልኳት። ሻርፕ ይመለሳል፣ ጆሮዋ አትመለስም ብዬ። በፕላስተር ዘጋሁት፣ በሲባጎ አሰርኩት፣ ነቀነቅኩት። ዝም አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ዝም ያለ ሳጥን አልሠራሁም።

የቀረው መጻፍ ነበር። ማርከሩን ይዤ ስቆም እትዬ ዘነቡ በሩ ላይ ተደግፋ ታየኛለች።

«ምን ልትጽፊ ነው?»

«የሕክምና መሣሪያ።»

«አበድሽ እንዴ? ሌባ ጥሪ ነው! ደግሞ መናኸሪያ ያሉትን ተሸካሚዎች አታውቂያቸውም? 'ተሰባሪ' ስትያቸው ይበልጥ ነው የሚወረውሩት። የተሰበረ መስታወት አይፈስማ! ማን ያየዋል?»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«እንቁላል በያ። እንቁላል ከሰበሩ ልብሳቸው ላይ ነው የሚፈሰው፣ የሰው ዕቃ ሁሉ ይበላሻል፣ ባለዕቃው ሁሉ ይጮህባቸዋል። እንቁላልን እንደ ታቦት ነው የሚይዙት። እኔ ብርጭቆ ስልክም እንቁላል ነው የምለው፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

እውነቷን ነበር። አምቦ መናኸሪያ ሰው ሁሉ እንደዚያ ያደርግ ነበር። ተሸካሚዎቹን ደግሞ በጣም እፈራቸው ነበር፤ ሴት ልጅ ስታልፍ የሚሉት ነገር አለ። ለእነሱ «ቀስ አድርጉ» ብሎ መናገር ለኔ ሞት ነው። ካርቶኑ በኔ ፈንታ ይናገርልኝ ብዬ በሁለት ጎን «እንቁላል» ብዬ ጻፍኩ፤ ማንበብ ለማይችሉትም ከሥሩ ሦስት እንቁላል ሳልኩበት።

በማግስቱ ጠዋት ወደ እጃጂ በሚያልፈው ቅጥቅጥ ጫንኩት። የአውቶብሱ ረዳት ጫላ ይባላል። ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ ቀጭን፣ ዚፑ ተበላሽቶ በሽቦ የሚያስረው ቢጫ ጃኬት የሚለብስ፤ በሁሉም ላይ ይቀልዳል፣ ግን ማንንም አያስቀይምም። ስልክ ቁጥር ሳይጽፍ የሁሉንም ሰው ዕቃ ያስታውሳል። ለሱ ብቻ፣ ጠጋ ብዬ፣ እንቁላል እንዳልሆነ ነገርኩት። ሳቀ። «ብርቄ፣ በዚህ መስመር እንቁላል የሚባለው ሁሉ እውነት እንቁላል ቢሆን አገሩ በዶሮ ይሞላ ነበር» አለኝ። ከጣሪያው ላይ ሳይሆን ከሹፌሩ ጀርባ አስቀመጠልኝ። ተሸካሚዎቹ ጣታቸውን እንኳ አላሳረፉበትም። ደስ ብሎኝ ወደ ሱቅ ሄድኩ። አንድ ነገር ብቻ ረስቼ ነበር። እኔ ብቻ ሳልሆን እትዬ ዘነቡም ረስታዋለች፣ የእንቁላል ነጋዴዋ! ሁዳዴ ነበር።

ስልኩ የጮኸው ከሰዓት በፊት ነው። ሹፌሩ ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጉደር መውጫ ኬላው ላይ ይዘውናል። ያንቺ ሳጥን ነው። ውስጡ ሽቦ ነገር አይተው ፈንጂ ነው ብለው ነው። ጫላን አስቀምጠውታል። የሚያውቅ ሰው ይምጣ።» ተዘጋ።

ወደ ኦቦ መገርሳ ቤት ሮጥኩ። ስነግራቸው ሊነሱ ሞከሩ፤ ግድግዳውን ይዘው ግማሽ ድረስ ተነሱና ላብ አጠመቃቸው። «ሱሪዬን አቀብዪኝ» አሉ። ከራስጌያቸው የልጃቸው ፎቶ ተሰቅሏል። ልጃቸው በዚያው ዓመት አንድ ቀን ጠዋት ደብተሩን ይዞ እንደወጣ ነው፤ ደብተሩ ተገኝቷል፣ እሱ ግን እስከ ዛሬ የለም። ኬላ ላይ ስማቸውን ሲናገሩ ቀጥሎ የሚጠየቁት ስለ ልጃቸው እንደሆነ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ሱሪያቸውን አላቀበልኳቸውም። «እኔ ነኝ ያሸግኩት፤ እኔ እሄዳለሁ» አልኩ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። «ሂን ሶዳቲን» አሉኝ፣ አትፍሪ ማለታቸው ነው።

አምቦና ጉደር ቅርብ ናቸው፤ በሚኒባስ ሻይ ጠጥተው ሳይጨርሱ ይደረሳል። የዚያን ቀን ግን አላልቅ አለኝ። በመስኮቱ የማያቸውን ባሕር ዛፎች ቆጠርኩ፣ ጠፋብኝ፣ እንደገና ቆጠርኩ። ምን እንደምል በልቤ አጠናለሁ፤ መጀመሪያው ላይ «ጌታዬ» ልበል ወይስ «ጋሼ» እያልኩ እመርጣለሁ።

ስደርስ ያየሁትን ዛሬም ሳልፈልግ አየዋለሁ። ቅጥቅጡ ዳር ቆሟል። ተሳፋሪው በሙሉ ወርዶ ቦይ ውስጥ ተቀምጧል፣ ሴቶችም ሽማግሌዎችም። ጫላ ከሁሉም ተለይቶ መሬት ላይ ተንበርክኳል፤ ቢጫ ጃኬቱ ወልቋል፣ የጫማው ማሰሪያ ተፈትቷል፣ ከንፈሩ ተሰንጥቋል። የኔ ሳጥን ደግሞ አስፋልቱ መካከል ብቻውን ተቀምጧል። አንዱ ጥግ በቢላ ተቀዷል፤ በቀዳዳው የጥቁር ገመድ ጫፍ ይታያል። ከሳጥኑ ዙሪያ እስከ ሃምሳ እርምጃ ድረስ ሰው የለም። ታጣቂዎቹ ሁለት ነበሩ፣ ከድንጋይ አጥር ጀርባ። አለቃቸው ቆብ ያደረገ፣ ፂሙ የሸበተ ሰው ነው።

«የሳጥኑ ሰው ነኝ» አልኩ። አልተሰማም። ደገምኩት።

አለቃው ከላይ እስከ ታች አየኝ። «አንቺ? የላከሽ ማነው?»

«ዕቃው የሱቃችን ነው። እጃጂ ላለች አዋላጅ የሚሄድ...»

«አዋላጅ እንቁላል ታስታቅፋለች?» ወደ ሳጥኑ ጠቆመ። «ሁዳዴ ነው! ማን ይበላዋል? ደግሞ እንቁላል ከእጃጂ ነው ወደ አምቦ የሚመጣው፣ መቼ ነው ከአምቦ ወደ እጃጂ የሄደው? እኛን ሕፃን አደረጋችሁን? ማነው ይህን የጻፈው?»

አፌን ሳልከፍት ጫላ ከተንበረከከበት «እኔ ነኝ አልኩህ እኮ አለቃ። እሷ ምንም አታውቅም። ጫኝ ዕቃ እንዳይወረውር ብዬ እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ። በዓይኑ ዝም በይ አለኝ። ያንን ዓይን አውቀዋለሁ፤ እናቴ ሰው ቤት ስንሄድ የምታየኝ ዓይነት ነው።

ዝም አልኩ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፣ ግን ዝም አልኩ። ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም፤ አንድ ከባድ መኪና ቁልቁለቱን ወርዶ እስኪቆም ድረስ።

አለቃው ኪሱ ውስጥ ያለውን ደብተር አውጥቶ ጫላ ፊት ጣለለት። «እንግዲያው ጻፋ። ያንኑ ቃል። እየው ይኸው ከፊትህ ነው።»

ጫላ የተማረው በኦሮምኛ ነው፣ በላቲን ፊደል። አማርኛ ሲናገር ከኔ ይፈጥናል፣ ተረቱም ቀልዱም ይዋጣለታል፤ ፊደሉን ግን አያውቅም። እስክሪብቶውን ይዞ ሳጥኑን ከሩቅ እያየ የሆነ ነገር ሳለ። አለቃው አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየው።

«ይሄ እንቁላል ነው? ይሄማ አጥር ነው።» ከታጣቂዎቹ አንዱ ሳቀ። አለቃው ግን አልሳቀም። «ስለዚህ ዋሸህ። ለምን ዋሸህ? ውስጡ ያለው ምንድን ነው?» ለታጣቂው በእጁ ምልክት ሰጠው፤ ታጣቂውም የጫላን ክንድ ይዞ አነሳው። ወዴት እንደሚወስዱት አላውቅም። የኦቦ መገርሳ ልጅ ደብተሩን ይዞ የወጣበት ጠዋት ነው ፊቴ የመጣው።

«እኔ ነኝ!» አልኩ። ጮህኩ መሰለኝ፤ ቦይ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩኝ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት። እኔ ነኝ ያሸግኩት። ስጡኝ ልጻፈው።»

ጻፍኩ። ያው ፊደል ነው፤ የ«ቁ» እግሯ እንደ ሁልጊዜዋ ጠማማ ሆና ወጣች። ሦስቱን እንቁላሎችም ሳልኩ። አለቃው ደብተሩንና ሳጥኑን ተራ በተራ አየ።

«እሺ» አለ። «የሠራሽው አንቺ ከሆንሽ፣ ክፈቺው።»

«እዚህ ላምጣው?»

«አትንኪው! እዚያው ባለበት። እኛ ከዚህ እናያለን።»

ሁሉም ወደ አውቶብሱ ጀርባ ሄዱ። ጫላንም ወሰዱት። እኔ ብቻዬን ወደ ሳጥኑ ሄድኩ። የላስቲክ ጫማዬ አስፋልቱ ላይ ጧ ጧ ሲል ይሰማኛል። ግማሽ መንገድ ስደርስ የማይታመን ነገር ሆነ፤ ሳጥኑን ፈራሁት። በገዛ እጄ፣ በገዛ ሻርፔ ያሸግኩትን። ያ ሁሉ ሰው ከፈራው ምናልባት እኔ የማላውቀው ነገር ይኖርበት ይሆን አልኩ። ሌሊት ሰው ገብቶ ቢሆንስ? ፍርሃት እንደዚያ ነው፤ ሰው ሁሉ ሲፈራ የራስህን ሥራ እንኳ አታምነውም።

ተንበረከክሁ። ቢላ አልሰጡኝም፤ ቋጠሮውን በጥርሴ ፈታሁት፣ ፕላስተሩን በጥፍሬ ላጥኩት። ጥርር ሲል ከአውቶብሱ ጀርባ ሴት ጮኸች። ትሪዎቹን አንድ በአንድ አወጣሁ። ሩዙን አወጣሁ። ስፖንጁን። ገመዱ እንደ እባብ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ ቢላው ስፖንጁን ቀዶ ከገመዱ አንድ ጣት ሲቀር ቆሟል። ኦቦ መገርሳ አራት ጣት ያሉት ለዚህ ነው ለካ አልኩ። ሻርፔን ስፈታው ጆሮዋ ደህና ናት። ባትሪውን ከተጠቀለለበት አውጥቼ አስገባሁና ማብሪያውን ተጫንኩ።

ማሽኗ ስትበራ እንደምትጮህ ረስቼ ነበር። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ! ከኋላዬ ሰው ሁሉ መሬት ላይ ሲደፋ ሰማሁ፤ የጠመንጃ መቀባበያም ሰማሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። በሕይወቴ የጠበቅኩት ረጅሙ ጊዜ ያ ነው። ምንም አልሆነም። ዓይኔን ስገልጥ ስክሪኑ በርቷል።

ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ኦቦ መገርሳ የሚያደርጉትን አደረግኩ። ጄሉን መዳፌ ላይ ቀብቼ ጆሮዋን አስቀመጥኩባት። አጥንቶቼ ስክሪኑ ላይ መጡ፣ ግራጫ ሆነው። ጣቴን ሳጥፍ እነሱም ይታጠፋሉ። ስንት ደቂቃ እንደዚያ እንደሆንኩ አላውቅም፤ ጥላ ሲያርፍብኝ ቀና አልኩ። አለቃው ቆሞብኛል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እጄ ነው።»

«ውስጡ?»

«አዎ፣ ውስጡ።»

ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አየ። ከዚያ፣ ከቁጣው ሁሉ ይልቅ የደከመው በሚመስል ድምፅ፣ «ይህንን መጻፍ ምን ከበደሽ?» አለኝ።

«ተሸካሚዎቹን ፈርቼ ነው ጋሼ።»

«ከተሸካሚና ከጠመንጃ የቱ ያስፈራል?»

«ጠዋት ተሸካሚው ነበር» አልኩት። እውነቴን ነው፤ መቀለዴ አልነበረም። ራሱን ነቀነቀና እንቁላል የሚለውን በሁለቱም ጎን እንድሰርዘው አዘዘኝ።

እንደገና ሳሽገው ጫላ መጥቶ አጠገቤ ተንበረከከ። ሲባጎውን ሳስር ቋጠሮው ላይ ጣቱን አደረገልኝ። ቦይ ውስጥ የነበረች ሕፃን ያዘለች ሴት በአጠገባችን ስታልፍ «እንቁላልሽን ቀኑን ሙሉ አስታቀፍሽን እኮ!» አለችኝ። አንድ ሽማግሌ «ተዪያት፤ ሁላችንም በእግራችን ነን፣ ተመስገን በይ» አሏት። ጫላ በተሰነጠቀ ከንፈሩ ሊስቅ ሞከረና አመመው። «ብርቄ፣ እንቁላሎችሽ ግን ድንች ነው የሚመስሉት» አለኝ በሹክሹክታ። ያኔ ነው ያለቀስኩት። ሳጥኑን ነቀነቅኩት፤ ዝም አለ።

ማምሻውን ሲስተር የሺ ደወለች። ደርሷል፣ በርቷል፣ ጆሮዋ ጭረት የላትም። ስልኩን ለኦቦ መገርሳ ሰጠኋቸው፤ አልጋቸው ላይ ሆነው «ገለቶሚ፣ ገለቶሚ» ይላሉ፣ ምስጋናው ለሷ ይሁን ለኔ አልገባኝም። እንቁላል ብዬ መጻፌን ነግሬያቸዋለሁ። አልተቆጡም። ወደ ፎቶው ዞሩ። ያ ከቁጣ ይበልጥ ነበር።

ጫላን ለቀቁት፣ መታወቂያውን ግን ያዙበት። በየሳምንቱ ሰኞ ኬላው ላይ እየመጣ እንዲፈርም ነገሩት። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፤ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት። ሲከፈት ያ ቅጥቅጥ መጣ፣ ሲስተር የሺም ሻርፔን አጥባ፣ አጥፋ፣ በፌስታል ልካልኝ ነበር። ፌስታሉን ያቀበለኝ ሌላ ረዳት ነው። ጫላስ አልኩት። «ወደ ዘመዶቹ ሄዷል ይላሉ» አለኝ። ሹፌሩን ስጠይቀው «እኔንጃ» አለኝ፤ ዓይኑንም ከኔ ላይ አነሳ። ሦስተኛ ሰው አልጠየቅኩም። ፈራሁ። ብጠይቅ መልስ ቢኖርስ? እነሆ ይህን ያህል ዓመት መናኸሪያው በር ላይ ባለፍኩ ቁጥር ቢጫ ጃኬት እፈልጋለሁ፤ ዛሬ ግን ጃኬቱ ተቀዶ፣ ተጥሎ ይሆናል፣ እሱም ወፍሮ፣ ልጆች ወልዶ፣ ሳላውቀው ላልፈው እችላለሁ። እንደዚያ ነው የማስበው። እንደዚያ ማሰብ ይሻለኛል።

ኦቦ መገርሳ አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ ጠዋት ይመጡና ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ፣ ዕቃ የማሸግና የመላክ ሥራው የኔ ነው። ሻርፑን አልለበስኩትም፤ መሳቢያ ውስጥ ነው። ጊንጪም እንጭኒም ነቀምትም እልካለሁ፤ ተሸካሚዎቹን ዛሬም እፈራቸዋለሁ፣ ግን አጠገባቸው ቆሜ «ቀስ» እላለሁ፣ ድምፄ ባይወጣም። ላዩ ላይም ያለውን እጽፋለሁ። ቴሌቪዥን ከሆነ ቴሌቪዥን። እትዬ ዘነቡ «አንቺ ደንባራ» ትለኛለች።

የዚያን ቀን፣ ኬላው ላይ ሳጥኑን ዳግም ካሸግኩ በኋላ፣ እኔ ከአውቶብሱ ጋር አልሄድኩም፤ ኦቦ መገርሳ ብቻቸውን ናቸውና ወደ አምቦ መመለስ ነበረብኝ። ጫላ ሳጥኑን አቅፎ ከሹፌሩ ጀርባ አስቀመጠው። ተሳፋሪው ገባ። አውቶብሱ ሲነሳ ጫላ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ተንጠለጠለ፤ የጫማው ማሰሪያ አሁንም አልታሰረም። ኬላውን እስኪያልፉ ሙዚቃው አልተከፈተም። ካለፉ በኋላ ተከፈተ፣ ያው ዘፈን። እኔ ዳር ላይ ቆሜ ይቅርታ ልለው ፈልጌ አፌ አልከፈት ብሎኝ ነበር። እሱ ግን አቀበቱ ላይ ሲደርስ ወደኋላ ዞረና እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ፦

«ብርቄ! ሌላ ጊዜ ስትጽፊ፣ ውስጡ ያለውን ጻፊ!»